ሶፍትዌር ስንገዛ መጫኛውንም እንመርምር

ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ ከዋጋው ጋራ ዕቃው በምን ታሽጎ እንደሚመጣና በየት ወደብ እንደሚራገፍ አስቀድሞ ይጠይቃል። ማልኮም ማክሊን የተባሉት አሜሪካዊ ነጋዴ 58 ኮንቴይነሮችን በአንድ መርከብ ጭነው እ.ኤ.አ. በ1956 ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን በላኩ ጊዜ የዓለምን ንግድ የለወጡት፣ ዕቃው ሳይፈታ ከካሚዮን ወደ መርከብ፣ ከመርከብም ወደ ካሚዮን እንዲሸጋገር በማድረጋቸው ነበር። የዚህን ጥቅም በሚገባ የምናውቅ ነጋዴዎች፣ ለመሥሪያ ቤታችን ሶፍትዌር በምንገዛበት ጊዜ ግን ያንኑ ጥያቄ ስንጠይቅ አይታይም።

ሶፍትዌር ለሥራ የሚደርሰው በመጫኛ ፕሮግራም አማካይነት ነው። መጫኛው ፋይሎቹን በየቦታቸው ያኖራል፤ የሚያስፈልጉትን ረዳት ፕሮግራሞች ያሟላል፤ አዲሱንም ፕሮግራም በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዘንድ ያስመዘግባል። ነገር ግን እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የየራሱ ሥርዓት ስላለው፣ ለዊንዶውስ የተዘጋጀው መጫኛ በማክ ላይ አይሠራም፤ ከሊኑክስ ወገን እንኳ ለዴቢያንና ለኡቡንቱ የሚሆነው ዴብ ሲሆን፣ ለሬድ ሃትና ለፌዶራ የሚሆነው አር ፒ ኤም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ጃቫ፣ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በየትኛውም ሲስተም እንዲሠራ ተስፋ የሰጠ ነበር፤ ይሁን እንጂ መጫኛው ለአንድ ሲስተም ብቻ ከተሠራ፣ ፕሮግራሙ መንገደኛ ሆኖ ሳለ በሩ ተቆልፎበት ይቀራል።

ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የዊንዶውስ 10ን ነገር ይመልከት። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሲስተም ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ መሣሪያና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ገና በደኅና የሚሠሩ አያሌ ኮምፒዩተሮች ሊቀበሉት አይችሉም። እንዲህ ያሉ ስድስት ኮምፒዩተሮች ያሉትን አንድ የአስመጪ መሥሪያ ቤት እናስብ። ሊኑክስን ያለ ዋጋ ጭኖ በመሣሪያዎቹ ለተጨማሪ ዓመታት ሊገለገል በቻለ ነበር። ነገር ግን የሒሳብና የዕቃ መመዝገቢያው ፕሮግራም መጫኛ ለዊንዶውስ ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ባለቤቱ ወይ ስድስት አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ይገዛል፤ ወይ ለተራዘመ ጥበቃ ይከፍላል፤ ወይም የብዙ ዓመት ሒሳቡን ጥበቃ በጎደለው መሣሪያ ላይ ያቆያል።

የሶፍትዌር አዘጋጆች በበኩላቸው ለየሲስተሙ መጫኛ ማዘጋጀትና መፈተን ወጪ ያስከትልብናል ይላሉ። ቃላቸው እውነትነት አለው፤ ገዢው ካልጠየቀም ሻጩ የሚደክምበት ምክንያት የለም። ሆኖም ነገሩ ሊሠራ እንደሚችል ሊብሬ ኦፊስ ምስክር ነው፤ መጫኛው ለዊንዶውስም፣ ለማክም፣ ከላይ ለተጠቀሱት ሁለት የሊኑክስ ወገኖችም ተዘጋጅቶ ይገኛል። መጫኛ ሳያስፈልገው በኢንተርኔት ማሰሻ የሚሠራ ፕሮግራምም መልካም ነው፤ ነገር ግን መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ሱቁ ሽያጩን በምን እንደሚመዘግብ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ስለዚህ ነጋዴ ወገኖቻችን ውል ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቁ ዘንድ እንመክራለን። አንደኛ፣ መጫኛው በየትኞቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ ይሠራል? ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተር ሲለወጥ ፈቃዱ ያለ አዲስ ክፍያ ወደ ሌላው ይዛወራልን? ሦስተኛ፣ ሒሳባችን ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መልክ፣ ለምሳሌ በሲ ኤስ ቪ፣ ተገልብጦ ይወጣልን?

አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢጠይቅ ቸል ሊባል ይችላል፤ ብዙዎች አንድ ቃል ሆነው ሲጠይቁ ግን ሻጩ ለገበያው መታዘዙ አይቀርም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ነው።