በጉ ምን አጠፋ? ሥጋውን የምናበላሸው እኛው ነን

በየበዓሉ ማግሥት የምሰማው ወሬ አንድ ነው። «የዘንድሮ በግ ጣዕም የለውም»፣ «ፍየሉ ይሸታል»፣ «ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ነው»። ከዚያ ጥፋቱ ሻጩ ላይ ይወድቃል፤ የቆላ በግ ሰጠኝ፣ ያረጀ ሸጠልኝ ይባላል። ዓመት ሙሉ የለፋበት አርሶ አደር ስሙ ይጠፋል።

እኔ ግን በግልጽ ልናገር። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበጉም የሻጩም አይደለም፣ የእኛው ነው። ሥጋው ድስት ሳይነካ፣ ከመታረዱ በፊት ባለው ቀንና ከታረደ በኋላ ባለው ሌሊት እናበላሸዋለን። ከዚያ በሽንኩርትና በበርበሬ ልናክመው እንሞክራለን።

እስቲ አስቡት። በጉ ከገበያ እየተጎተተ፣ ወይም እግሩ ታስሮ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ቤት ሲደርስ ውሃ የሚሰጠው የለም፤ «ነገ ለሚታረድ ምን ያደርግለታል?» ይባላል። ጠዋት ደግሞ ግቢውን ሙሉ ይሯሯጣል። ይሄ ጭካኔ ብቻ አይደለም፣ ኪሳራም ነው። በእንስሳው ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር አለ። ከታረደ በኋላ ይህ ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ተለውጦ የሥጋውን ፒኤች ከ7 አካባቢ ወደ 5.5 አካባቢ ያወርደዋል። ሥጋው ደማቅ ቀይ እንዲሆንና ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳው ይሄ ነው። ስኳሩን በሩጫና በፍርሃት የጨረሰ በግ ግን አሲድ የሚሆን ነገር የለውም። ሥጋው ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ቶሎ ይሸታል። ስለዚህ በጉን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ግዙት። ጥላ ሥር አሳርፉት። መኖ ከመታረዱ 12 ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ከልክሉት፤ ውሃ ግን አትከልክሉት።

«ፍየሉ ሸተተ» የምትሉትም እንዲሁ ነው። የወጠጤ ሽታ መኖሩን አልክድም። ሽታው የሚበረታው ግን ጠጉሩና ከቀንዱ ሥር ያለው ቆዳ ላይ ነው። ጠጉሩን የያዘው እጅ፣ ቆዳውን የቀደደው ቢላዋ ሳይታጠብ ሥጋው ላይ ሲያርፍ ሽታውን እኛው እንቀባዋለን። አንዱ ቆዳ ይያዝ፣ ሌላው ሥጋ ይያዝ። ብቻችሁን ከሆናችሁ እጃችሁንም ቢላዋችሁንም በየመሀሉ ታጠቡ። ቆዳውን ለማላቀቅ በአፍ መንፋትም ይቅር፤ የአፋችንን ጀርም ነው የምንነፋበት። ቡጢ ይበቃል። ደሙ ጨርሶ እንዲወርድ በኋላ እግሩ ስቀሉት። ሆዱን ስትከፍቱ ሐሞቱና ፊኛው እንዳይቀደዱ ተጠንቀቁ። ፈርስ ከነካው ደግሞ ባልዲ ሙሉ ውሃ አትድፉበት፣ ቆሻሻውን ታዳርሱታላችሁ። የተነካውን ቦታ በንፁህ ቢላዋ ቆርጣችሁ ጣሉት።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ፦ ችኮላ። ገና እንደታረደ የሚጠበሰው ሥጋ ለስላሳ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ ግን ሥጋው ይገተራል፤ ያኔ የተበለተው ነው «እንደ ሶል» የሚሆነው። ከተማ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ትኩሱን ሥጋ ቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ ይጠቀጥቁታል። የበግ ሥጋ በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከወረደ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ ብትቀቅሉት ብትጠብሱት አይለቅም። ደጋ ያላችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ንፁህ ነጠላ አልብሳችሁ አንድ ሌሊት ሰቅላችሁ አሳድሩት፤ በነጋታው በልቱት። ቆላ ያላችሁ ግን ይሄን እንዳትሞክሩ! በሙቀት ማሳደር ማበላሸት ነው። የዕለቱን በዕለቱ አብስሉ፣ የተረፈውን ቶሎ በቀጭኑ ዘልዝላችሁ ቋንጣ አድርጉት።

«አባቶቻችን ይሄን ሁሉ መቼ አደረጉ?» የሚለኝ አይጠፋም። አድርገዋል እንጂ! የአባቶቻችን በግ እዚያው ግቢ ያደገ ነበር፤ መኪና ጣሪያ ላይ አልተጫነም። ለበዓል ብለው ሙክት የሚያደልቡትም ለስሙ ብቻ አልነበረም፤ ከተኮላሸ የወጠጤ ሽታ እንደማይኖረው ያውቁ ነበር። እኛ የተውነው የእነሱን ጥንቃቄ ነው፣ ያስቀረነው ቢላዋውን ብቻ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በዚህ ዋጋ በግ ገዝቶ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ሌሊት መንሳት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? ለሚቀጥለው በዓል ይሄን አንዴ ሞክሩት። ከዚያ በኋላ ሥጋው አልጣፍጥ ካለ ያኔ ሻጩን ውቀሱ።