የተሰበረው ሴራሚክ ወደ ግንባታው ይመለስ

አዲስ አበባ ውስጥ መታጠቢያ ቤት ሲታደስ አሮጌው ሴራሚክ በመዶሻ ይነቀላል። ስብርባሪው በማዳበሪያ ታጭቆ በር ላይ ይከመራል፤ በአይሱዙ ይጫንና ብዙ ጊዜ ገደል አፋፍ ወይም ወንዝ ዳር ይደፋል። ዓመታት ቢያልፉበትም አይበሰብስም።

ይህ የሚጣል ዕቃ አይደለም። ሴራሚክ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እሳት የበላ አፈር ነው። ልሞ ሲፈጭ፣ በውስጡ ያለው ሲሊካና አሉሚና ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ከሚያወጣው ኖራ ጋር ተዋህዶ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይሆናል። የጥንት ሮማውያን የተፈጨ ሸክላ ከኖራ ጋር አቡክተው የውሃ ማጠራቀሚያዎቻቸውን ይለስኑበት ነበር። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የስፔን ተመራማሪዎች ከኮንክሪት ጠጠር እስከ 25 በመቶውን በተሰበረ የመጸዳጃ ቤት ሴራሚክ ተክተው ጥንካሬው እንደጨመረ አሳይተዋል።

ጥቅሙ ከጽዳት ያልፋል። ዓለም ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶው የሚመጣው ከሲሚንቶ ነው። የኖራ ድንጋይ እስከ 1450 ዲግሪ በሚግል ምድጃ ሲቃጠል ጋዙን የሚያወጣው ነዳጁ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ስለሆነ፣ ምድጃውን በንጹሕ ኃይል ማንደድ ብቻውን አይበቃም። በሲሚንቶ ውስጥ ያለው የክሊንከር፣ ማለትም ከምድጃው የሚወጣው የተቃጠለ ድንጋይ፣ ድርሻ መቀነስ አለበት።

ኢትዮጵያ ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለችም። ገበያ ላይ ያለው ፒፒሲ ሲሚንቶ ክሊንከር ከፑሚስ ጋር ተፈጭቶ የሚሠራ ነው። ለእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈቀደው፣ ተመርምሮ ብቁ ሆኖ ከተገኘ ለሴራሚክ ዱቄት የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። የሴራሚክ አንጸባራቂ ፊት ልሙጥ ስለሆነ ሲሚንቶ አጥብቆ አይይዘውም፤ ጀርባው ደግሞ ውሃ ስለሚመጥ፣ በጠጠር ምትክ ሲገባ አስቀድሞ መራስ ይኖርበታል። አንዳንዱ ቀለም እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶች ሊኖሩት ስለሚችል በላቦራቶሪ መታየት አለበት። ጀሶ የተቀላቀለበት ፍርስራሽ ከገባማ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመለየት ነው። በኮሪደር ልማት ብዙ ሕንፃዎች በፈረሱባት አዲስ አበባ፣ የማፍረስ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ሴራሚኩ ለብቻው እንዲነሳ ማስገደድ ይችላል። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደግሞ ለዱቄቱም ለጠጠሩም መስፈርት ያውጣ።

አጀማመሩ በኮለንና በሶሌታ መሆን የለበትም፤ የእግረኛ መንገድ ንጣፍና የአጥር ብሎኬት ይበቃል። የንጣፉ ትልቁ ገዢ መንግሥት ነውና በጨረታ ሰነዱ ላይ የተወሰነ የሴራሚክ ድርሻ ቢጠይቅ፣ ወፍጮ የሚተክለው ባለሀብት ገበያውን አይቶ ይመጣል።