ወረቀት ፋብሪካ ይምጣ ከማለታችን በፊት ስለ ሙጫው እናውራ

ትንታኔ | ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላችሁ በጎዛምን፣ በማቻከል ወይም በስናን በኩል ብትሄዱ ባሕር ዛፍ የሌለበት መንደር አታገኙም። ገበሬው ይተክላል፤ ነጋዴው አጣና አድርጎ ይጭናል። ግንባታ ሲቀዘቅዝ ግን የአጣናም ገበያ አብሮ ይቀዘቅዛል። «ይሄ ሁሉ ዛፍ እያለን ለምን ወረቀት አንሠራም?» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የወንጂው ወረቀት ፋብሪካ ፐልፕ የሚባለውን የእንጨት ሊጥ ከውጭ በዶላር ሲገዛ ኖሯል። ፖርቱጋልና ስፔን ደግሞ እኛ ነጭ ባሕር ዛፍ ከምንለው ከዚያው ዝርያ ወረቀት ይሠራሉ። ታዲያ ምን ቸገረን? ካፒታል፣ ውሃና መብራት ሁሌም ይነሳሉ። ብዙም የማይነሳው ሙጫው ነው።

እንጨት ሲፈጭ ወይም ሲቀቀል በውስጡ ያለው ቅባትና ሙጫ ይወጣል። ማሽኑ ላይ ይለጠፋል፣ ወንፊቱን ይደፍናል፣ ወረቀቱን ያበላሻል። ከዚያ ማሽኑ ቆሞ ይታጠባል፤ የቆመ ማሽን ደግሞ ኪሳራ ነው። የድሮው ዘዴ ግንዱን ለወራት ከምሮ ማቆየት ወይም ታልክ የሚባል የድንጋይ ዱቄት መጨመር ነበር።

ጃፓኖች በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሌላ መላ ዘየዱ፦ የጥድ ፐልፕ ውስጥ ሊፔዝ የተባለ ኢንዛይም ጨምረው ቅባቱን አፈራረሱት። ኢንዛይም ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጠላ ሲጠመቅ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው የብቅሉ ኢንዛይም ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሊፔዝ የሚሠራው እንደ ጥድ ባለው ቅባት ላይ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍን የሚያስቸግረው ግን በአብዛኛው ስቴሮል የሚባል ሌላ ነገር ነው፤ ሊፔዝ ደግሞ ስቴሮልን አይነካም። የስፔን ተመራማሪዎች ላኬዝ በተባለ ኢንዛይም ስቴሮሉን መቀነስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ላኬዝ ግን አጋዥ ኬሚካል ይፈልጋል፤ ይህም ሌላ ወጪ ነው።

ስለዚህ እኛ የምንለው፣ የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት የጎጃም ባሕር ዛፍ ላብራቶሪ ይግባ። በስንት ዓመቱ ሲቆረጥ፣ ስንት ወር ሲከረም ሙጫው ይቀንሳል? የትኛው ኢንዛይም ይስማማዋል? ይህን መፈተሽ ፋብሪካ ከመትከል ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለጥድ የተሠራ መድኃኒት ለባሕር ዛፍ ተገዝቶ ማሽኑ ቢቆም ግን መጀመሪያ የሚጎዳው የገብስ ማሳውን ለዛፍ የለቀቀው ገበሬ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?