የቤት ማተሚያ አላትም ስትል

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ በያይነቱ ስንጽፍ መቈየታችን ይታወሳል። የዛሬው ጽሑፋችን በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ከጠረጴዛ ጥግ ተቀምጣ ስለምትገኘው ስለ ማተሚያ መሣሪያ፥ በተለምዶ ፕሪንተር ስለምትባለው ነው። ይህችን መሣሪያ በደኅና ቀን ማንም አያስታውሳትም። ነገር ግን የልጅ የትምህርት ቤት ሥራ ለነገ ጧት በሚፈለግበት ማታ፥ ወይም ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ቀኑ በተቃረበበት ጊዜ ዝም ያለች እንደ ሆነ፥ የቤቱ ሰላም በአንድ አፍታ ይናጋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ በየቤቱ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ማን ነካት?» የሚል ነው። ወዲያውም ጣት ወደ ታናሹ ልጅ ይቀሰራል። ልጁ ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ያለቅሳል፤ አባት ደግሞ ጉድለቱን ሳይመረምር አዲስ ቀለም ሊገዛ ይወጣል፤ ቀለሙ ከገባ በኋላም ማተሚያይቱ እንደ ቀድሞዋ ዝም ትላለች። ገንዘቡ በከንቱ ወጣ፤ ልጁም በከንቱ ተወቀሰ። እኛ የምንመክረው ግን «ማን ነካት?» ከማለት አስቀድሞ «ሥራው የት ላይ ቆመ?» ብሎ መጠየቅን ነው። ብዙ ጊዜ ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ በቤት ውስጥ መልስ ይገኛልና።

አንድ ጽሑፍ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ መንገድ ይሄዳል። ይኸውም ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ተራ ይይዛል፤ ከዚያ በገመድ ወይም በዋይፋይ ተጕዞ ወደ ማተሚያይቱ ይደርሳል፤ እርስዋም ወረቀት ስባ ቀለም ታሳርፍበታለች። ከእነዚህ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ውጤቱ ያው ዝምታ ነው። ስለዚህ ብልኅ ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ አይነካካም፤ ሰንሰለቱን ከመካከል ከፍሎ የተበጠሰው በየትኛው በኩል እንደ ሆነ ይፈትናል።

መክፈያው ፈተና ቀላል ነው። ማተሚያይቱ ኮፒ የምታነሣ ከሆነች አንድ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት በመስተዋቷ ላይ አድርጎ፥ ኮምፒዩተሩን ሳይነኩ ኮፒ እንድታነሣ ማዘዝ ነው። ኮፒ የማታነሣም ብትሆን የራስዋን የመፈተኛ ገጽ የምታትምበት ቍልፍ አላት፤ ቍልፉ የትኛው እንደ ሆነ ከዕቃዋ ጋር የመጣው መምሪያ ያሳያል። ገጹ ጥርት ብሎ ከወጣ ኤሌክትሪኩም ወረቀቱም ቀለሙም ደኅና ናቸው፤ ጉድለቱ ያለው በመንገዱ ወይም በኮምፒዩተሩ ነው። ገጹ ካልወጣ ግን በኮምፒዩተር ላይ መድከም ከንቱ ነው፤ ማተሚያይቱን ራስዋን መመርመር ያሻል። ይህ አንድ ፈተና የድካሙን እኩሌታ ያስቀራል።

ጉድለቱ በማተሚያይቱ በኩል የሆነ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚታየው ኤሌክትሪክ ነው። መብራቷ ካልበራ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ፥ ለምሳሌ በስልክ ቻርጀር መፈተን ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ከአሜሪካ አገር ዘመድ ያመጣት ማተሚያ ብትኖር ከመሰካቷ በፊት በጀርባዋ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበብ። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ በኢትዮጵያ ግን 220 ቮልት ነው። ጽሑፉ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ አያሠጋም፤ 120 ወይም ከ110 እስከ 127 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ለኃይሏ የሚበቃ ትራንስፎርመር ሳይኖር መሰካት ስጦታውን ማቃጠል ነው። በተለይ በሌዘር የሚሠሩቱ በዚህ ይጎዳሉ። ደግሞም ሌዘር ማተሚያን ለኮምፒዩተር በተበጀ አነስተኛ ዩፒኤስ ላይ መሰካት አይገባም፤ ማሞቂያዋ ለአንድ አፍታ ብዙ ኃይል ትስባለችና።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። በአገራችን የምንሠራበት ወረቀት ኤ4 የሚባለው፥ ወርዱ 210፥ ቁመቱ 297 ሚሊሜትር የሆነው ነው። በአሜሪካ ግን ሌተር የሚባል፥ ወርዱ 216፥ ቁመቱ 279 ሚሊሜትር የሆነ ወረቀት ይሠራበታል። ስለዚህ ከአሜሪካ የተላከ ቅጽ ሲታተም ማተሚያይቱ ያንን ወረቀት ፍለጋ ቆማ ትጠብቅ ይሆናል፤ ባለቤቱም ተበላሸች ይላል። በማተሚያው ማዘዣ ላይ የወረቀቱን መጠን ኤ4 ብሎ መለወጥ ነገሩን ያበቃዋል።

ወረቀት ውስጥ የታነቀ እንደ ሆነ ማተሚያይቱን ማጥፋት፥ ክዳኗን ከፍቶ ወረቀቱን በሁለት እጅ ይዞ፥ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ መሳብ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ በችኮላ የተሳበ ወረቀት ይቀደድና ጥፍር የምታህል ቍራጭ በውስጥ ትቀራለች፤ ማተሚያይቱም ስለዚያች ቍራጭ ብቻ አላትም ትላለች። በሌዘር ማተሚያ ውስጥ ያለችው ማሞቂያ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለምትጠጋ፥ ሳትቀዘቅዝ እጅ ማስገባት፥ ይልቁንም ልጆችን ማስጠጋት አደጋ ነው።

ሦስተኛው ቀለም ነው። እዚህ ላይ የማተሚያይቱን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ፈሳሽ ቀለም የምትረጨው ኢንክጄት ትባላለች። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 በጃፓን አገር በካኖን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኢቺሮ ኤንዶ፥ የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ መርፌ በነካ ጊዜ ቀለሙ ሲፈናጠር አይቶ፥ በሙቀት ቀለም መርጨት እንደሚቻል ተረዳ። ቀለሙ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከጠጕር የቀጠኑ ናቸው፤ ስለዚህ ማተሚያይቱ ብዙ ሳምንት ሳትሠራ ከቆየች ቀለሙ ደርቆ ይደፍናቸዋል። የቁም ጸሐፊ ቀለሙ በብርዑ ጫፍ እንዳይደርቅበት እንደሚጠነቀቅ፥ የዚህችም ባለቤት እንዲሁ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተም መከላከያው ነው።

ከተደፈነ በኋላ ደግሞ ማተሚያይቱ ራስዋን የምታጥብበት ትእዛዝ አላት። ነገር ግን በየጊዜው የምትታጠበው በዚያው በውድ ቀለም ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልተከፈተ ጥቂት ሰዓት አቈይቶ እንደ ገና መሞከር እንጂ፥ ደጋግሞ ማጠብ የቀለሙን ዕቃ ባዶ ማድረግ ነው። በመርፌ መውጋትም ጨርሶ ማጥፋት ነው። አዲስ ካርትሪጅ የገባ እንደ ሆነ በቀዳዳው ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ መነሣቱን ማየት አይዘንጋ። አንዳንዶቹ ማተሚያዎች ደግሞ ቀዩ ወይም ቢጫው ቀለም ስላለቀ ጥቁሩንም አናትምም ስለሚሉ፥ የእያንዳንዱ ቀለም መጠን ይታይ።

ሌዘር የምትባለው ግን ቶነር በሚባል ደረቅ ዱቄት ትሠራለች። መሠረቱን የጣለው ቼስተር ካርልሰን በ1938 በኒው ዮርክ ከተማ በኤሌክትሪክ ኃይል ዱቄትን በወረቀት ላይ ባሳረፈ ጊዜ ነው። ዱቄቱ አይደርቅም፤ ነገር ግን ሲያልቅ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ቶነሩን አውጥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ ቢያወዛውዙት ጥቂት ገጾች ይጨምራል፤ ለአንድ ማታ ችግርም ይደርሳል። ከመብራት ፊት ከፍቶ ማቈየት ግን አይገባም፤ ብርሃን ድራም የሚባለውን ክፍል ይጎዳዋልና። ዱቄቱ በልብስ ላይ ቢፈስ በደረቅ ጨርቅና በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ ውሃ አይታጠብ፤ ሙቀት ያጣብቀዋል።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንመለስ። ኮፒው ጥርት ብሎ ወጥቶ፥ ከኮምፒዩተር የታዘዘው ግን ያልወጣ እንደ ሆነ መንገዱን እንመርምር። በዩኤስቢ ገመድ የተያያዘች ከሆነች ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት፥ ከተቻለም በሌላ ገመድ መፈተን ነው። በዋይፋይ የምትሠራ ከሆነች ማተሚያይቱና ኮምፒዩተሩ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን ማየት ያሻል። ስልክ የሚያዝዛት ከሆነም ስልኩ በሞባይል ዳታ ላይ ሳይሆን በቤቱ ዋይፋይ ላይ ሊሆን ይገባል። ራውተር የተለወጠ ወይም የይለፍ ቃሉ የተቀየረ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ አዲሱን ቃል ሲያውቅ ማተሚያይቱ ግን አሮጌውን ይዛ ትቀራለች። አንዳንዶቹ የቤት ማተሚያዎችም በ2.4 ጊጋኸርዝ እንጂ በ5 ጊጋኸርዝ አይገናኙም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ጊዜ ራውተሩ ለማተሚያይቱ ሌላ ቍጥር ሊሰጣት ይችላል፤ ኮምፒዩተሩም በቀድሞው ቍጥር ፈልጎ ሲያጣት ኦፍላይን ናት ይላል። ከኮምፒዩተሩ ዝርዝር ሰርዞ እንደ ገና ማስገባት መድኃኒቱ ነው።

መንገዱ ደኅና ከሆነ የቀረው ተራው ነው። ሰው ሲቸኵል አትሚ የሚለውን ትእዛዝ ዐሥር ጊዜ ይጫናል፤ ከፊት ያለው አንድ የተበላሸ ሥራ መንገዱን ከዘጋ ግን ኋላ ያሉት ሁሉ ይሰለፋሉ። ዝርዝሩን ከፍቶ ሁሉንም መሰረዝ፥ እምቢ ካለ ሁለቱንም አጥፍቶ አስቀድሞ ማተሚያይቱን፥ ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ማብራት ይገባል። በዊንዶውስ ያን ጊዜም ካልተሰረዘ ፕሪንት ስፑለር የሚባለውን አገልግሎት አቁሞ መልሶ ማስነሣት ይረዳል። ደግሞም ዊንዶውስ በመጨረሻ የተሠራበትን ማተሚያ ዋና አድርጎ ሊመርጥ ስለሚችል፥ ጽሑፉ ወደ ሌላ ማተሚያ ወይም ወደ ፒዲኤፍ መዝገብ ተልኮ እንዳይሆን የተመረጠችው የትኛዋ እንደ ሆነች ይታይ።

በመጨረሻም ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የተለየ አንድ ችግር አለ። ማተሚያይቱ ታትማለች፤ ነገር ግን በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይወጣሉ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም የሚታተምበት ኮምፒዩተር የፊደሉ ቅርጽ ማለት ፎንት ከሌለው ሊያሳየው አይችልም። ጽሑፉ በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ ፎንቱን እንደ ያዘ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ መላክ ይህን ችግር ያስወግዳል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ካልተሳካ፥ ወይም የመቃጠል ሽታ ከመጣ፥ ከሶኬት ነቅሎ ለጠጋኝ መስጠት ነው። ያን ጊዜም «ኮፒ ታነሣለች፥ ከኮምፒዩተር ግን አትቀበልም» ብሎ የደረሱበትን ለይቶ መንገር የጠጋኙንም ድካም የባለቤቱንም ወጪ ያቀላል። የጥገናውን ዋጋ አስቀድሞ ጠይቆ ከአዲስ ዋጋ ጋር ማመዛዘንም ተገቢ ነው።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ይህን ቅደም ተከተል በአጭሩ በወረቀት ጽፋችሁ ከማተሚያይቱ አጠገብ ለጥፉ፤ ኮፒ፥ ኤሌክትሪክ፥ ወረቀት፥ ቀለም፥ መንገድ፥ ተራ። በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ባለች ማታም ልጁን ከመውቀስ ይልቅ ወረቀቱን በእጁ ሰጥታችሁ አብራችሁ መርምሩ። ትናንት ተከሳሽ የነበረው ልጅ የተበጠሰውን ቀለበት አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱ ሊሆን ይችላል።