ሜዳ ለሕዝብ

ሰው ለሥራ የተፈጠረ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን እግዚአብሔር ፍጥረቱን በስድስት ቀን ፈጽሞ በሰባተኛው ቀን ማረፉ የተጻፈው፣ ዕረፍት የሥራ ጠላት ሳይሆን የሥራ ማኅተም መሆኑን ሊያስተምረን ነው። ዕረፍት የሌለው ሠራተኛ እጁ ይዝላል፤ ጨዋታ የሌለው ልጅም መንፈሱ ይጨፈገጋል። ስለዚህ ከተማን የሚያቀኑ ሰዎች ለመኖሪያው፣ ለመንገዱና ለፋብሪካው ስፍራ በሚመድቡበት ጊዜ፣ ለሕዝቡ ማረፊያና ለልጆች መጫወቻ የሚሆነውን ሜዳ አብረው መለየት ይገባቸዋል። ለዕረፍት የሚሆነው ስፍራ ከሌላው ሁሉ የተረፈው ይሁን የተባለ እንደ ሆነ ግን፣ በከተማ ውስጥ የሚተርፍ መሬት የለምና ነገሩ ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን የአቃቂ ቃሊቲ ነገር ነው። ይህ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳር የሚገኝ፣ ከምሥራቅና ከደቡብ ለሚመጣው መንገደኛና ሸቀጥ የከተማው በር የሆነ ስፍራ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ የምድር ባቡር ሐዲድ የተዘረጋው በአቃቂ በኩል ነበር። ከዚያም በኋላ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የሌላም ልዩ ልዩ ሥራ ፋብሪካዎች ስለ ተተከሉበት የሠራተኛ አገር ተብሎ ታወቀ። በቅርብ ዘመን ደግሞ በገላንና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ብዙ ቤተ ሰብ ገብቶባቸዋል። ቤት ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ ለዚህም የደከሙት ሁሉ ይመሰገናሉ። ነገር ግን ትናንት ከብት ይሰማራበትና ልጆች ይቦርቁበት የነበረው መስክ ሕንፃ፣ መጋዘንና የመኪና ማቆሚያ ሲሆን፣ ለልጆቹ የቀራቸው በሕንፃና በሕንፃ መካከል ያለው ጠባብ ስፍራ ነው። በዚያም ሲጫወቱ ኳሳቸው የመኪና መስተዋት የነካ እንደ ሆነ ቁጣ ይወርድባቸዋል፤ ወደ አውራው ጎዳና የወጡ እንደ ሆነ ደግሞ የከባድ መኪና አደጋ ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ ወዴት ይሂዱ?

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ መናፈሻዎች ተከፍተው ከተማችንን እንዳስጌጡ ሁላችንም አይተናል። የተሠራው ሥራ መልካም ነው። ቢሆንም እንጦጦ በሰሜን ጫፍ፣ አቃቂ በደቡብ ጫፍ ነው። ስድስት ቀን በፋብሪካ ሲደክም የሰነበተ አባት አምስት ልጆቹን ይዞ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ለመሄድና ለመመለስ የታክሲ ዋጋውን ሲያስበው፣ መግቢያ የሚከፈልበት ስፍራ ከሆነም ያንን ሲጨምርበት፣ ልጆቹን በቤት አስቀምጦ ዝም ማለትን ይመርጣል። ትልቁ መናፈሻ ለበዓል ቀን ነው፤ ለዘወትር የሚያስፈልገው ግን በሰፈር ያለ፣ ሕፃን በእግሩ የሚደርስበት፣ በር የሌለውና ቲኬት የማይጠየቅበት ትንሽ ሜዳ ነው።

በትንሽ ስፍራና በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሰው የሚያጫውት ነገር ይገኛል ወይ ብሎ ለሚጠይቀን፣ በሌላው ዓለም ብዙ ሕዝብ የለመደውን አንድ ጨዋታ እናመለክታለን። ስሙ የዲስክ ጎልፍ ይባላል። የጨዋታው ዕቃ ከፕላስቲክ የተሠራች፣ እንደ ሰሐን ክብ የሆነች፣ ወርዷ 21 ሳንቲሜትር ያህል፣ ክብደቷም ከ200 ግራም የማይበልጥ አንዲት ዲስክ ናት። በሜዳው ላይ እዚህና እዚያ ዘጠኝ ወይም 18 ቅርጫቶች በብረት ምሰሶ ላይ ይቆማሉ፤ ከቅርጫቱም በላይ የተወረወረውን ዲስክ የሚያቆሙ ሰንሰለቶች ተንጠልጥለዋል። ተጫዋቹ ከመነሻው ቆሞ ወደ ቅርጫቱ ይወረውራል፤ ዲስኩ ከወደቀበት ስፍራ ደግሞ ይወረውራል፤ እንዲህ እያለ ከቅርጫቱ ያስገባዋል። ከቅርጫቱ ርቆ የወደቀበት ሰው ቀድሞ ይወረውራል፤ በመጨረሻም ሁሉን ቅርጫት በጥቂት ውርወራ የፈጸመው አሸናፊ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው የወረወረውን ራሱ ቆጥሮ በእውነት ይናገራል እንጂ፣ በዘወትር ጨዋታ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለበትም። ልጅን እውነተኛነት ለማስተማር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የጨዋታውም ጅማሬ ከድሀ ዕቃ ነው። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1926 በካናዳ፣ በሳስካችዋን አውራጃ፣ ብላድዎርዝ በምትባል ትንሽ መንደር የተማሪ ቤት ልጆች የቆርቆሮ ክዳን እየወረወሩ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1975፣ ኤድ ሄድሪክ የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ በሚባለው የሕዝብ መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ አቆመ። በመጀመሪያ የተተከሉት ዒላማዎች ተራ ምሰሶዎች ነበሩ፤ ባለ ሰንሰለቱ ቅርጫት ኋላ የመጣ ነው። ከዚህ ወዲህ ጨዋታው ወደ ብዙ አገር ተሻገረ። አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ባላት በፊንላንድ በመቶ የሚቆጠሩ ሜዳዎች አሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሰው ያለ አንዳች ክፍያ ገብቶ የሚጫወትባቸው ናቸው።

ይህ ጨዋታ ለአቃቂ ቃሊቲ የሚስማማበትን ምክንያት እንግለጽ። በመጀመሪያ ስፍራ አይመርጥም። የእግር ኳስ ሜዳ መደልደል አለበት፤ ዛፉም መቆረጥ አለበት። ለዲስክ ጎልፍ ግን ጉብታውና ዛፉ የጨዋታው ጌጥ ነው፤ ዲስኩን በዛፎች መካከል አሳልፎ መላክ የተጫዋቹ ብልሃት ነውና። በእግር ኳስ ሜዳ 22 ሰው ሲጫወት ሌላው ቆሞ ያያል፤ ዘጠኝ ቅርጫት ባለበት ሜዳ ግን በየቅርጫቱ አራት አራት ሰው ቢሰለፍ 36 ሰው በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ሽማግሌውም ከልጅ ልጁ ጋራ፣ ሴቷም ከወንዱ ጋራ ትጫወታለች፤ እግር ከእግር አይጋጭምና።

ሁለተኛው ምክንያት የውሃ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፍ ያለው ድርሻ በአቃቂ ምድር ከተቆፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች ይወጣል። ምድሩ በሲሚንቶ ከተለበጠ ዝናቡ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ በጎርፍ ሆኖ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ሣሩ ሳይነቀል፣ ዛፉ ሳይቆረጥ የሚጠበቅ ሜዳ ግን ልጆችን ያጫውታል፤ ዝናቡንም ይቀበላል። ዳሩ ግን ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን እድፍ ሁሉ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱ ወንዞች ስለ ሆኑ፣ ሜዳው ከወንዙ አፋፍ ርቆ እንዲሆን ያስፈልጋል። ልጅ ዲስኩን ፍለጋ ከተበከለ ውሃ የሚገባበት ሜዳ ከሚሠራ ባይሠራ ይሻላል።

ይህ የባዕድ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ሰው እንዳለ እናውቃለን። እግር ኳስም ከውጭ የመጣ ነበር፤ ነገር ግን የራሳችን አድርገነው በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ አገራችን አንሥተናል። ደግሞም በሰፊ ሜዳ ላይ ዒላማ አድርጎ መጫወት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የገና ጨዋታ አባቶቻችን የጌታን ልደት ሲያከብሩ የሚጫወቱት፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩሩን እየመቱ በሁለት ወገን የሚጋጠሙበት ጨዋታ ነው። በዚያ ቀን ሎሌውና ጌታው በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ጌታውም ተመታሁ ብሎ አይቆጣም። ለዲስክ ጎልፍ የተከለለ ሜዳ በልደት በዓል ለገና ጨዋታ መዋል ይችላል። ሜዳው ሳይኖር ግን አዲሱም ጨዋታ አይለመድም፣ የጥንቱም አይቈይም። የገና ጨዋታ በየሰፈሩ እየቀረ የሄደው ሕዝቡ ስለ ጠላው ብቻ ሳይሆን፣ የሚጫወትበት ስፍራ ስለ ጠበበም ነው።

ባዶ ሜዳ ሥራ የሌለው መሬት ነው የሚሉም አሉ። ለእነዚህ ጃንሜዳን እናስታውሳቸዋለን። ጃንሜዳ የጥምቀት ታቦታት የሚያርፉበት፣ የስፖርት ውድድርም የሚደረግበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሕዝቡ በጠባብ ስፍራ እንዳይጨናነቅ ሲባል የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀትም ሜዳው ተጠርጎ ለበዓሉ ተመለሰ። እንግዲህ በክፉ ቀን ከተማውን የረዳው ቀድሞ ባዶ ነው የተባለው መሬት ነበር። እሳት ወይም የምድር መናወጥ ቢመጣ፣ ሕዝቡ ሸሽቶ የሚቆምበት ሜዳ የሌለው ሰፈር ምን ይሆናል? ሜዳ እንደ ጐተራ እህል ነው፤ ጥቅሙ የሚታወቀው በቸገረ ጊዜ ነው።

ከዚህም ሌላ እውነተኛ ችግር እንዳለ አንሸሽግም። የብረቱን ቅርጫትና ሰንሰለቱን ሌሊት ፈትቶ ለቁራሌው የሚሸጥ አይታጣም። ስለዚህ ምክራችን ከትንሹ መጀመር ነው። አስቀድሞ፣ በካሊፎርኒያ እንደ ተደረገው፣ ቀለም የተቀባ የእንጨት ምሰሶ ዒላማ አድርጎ መትከል ይበቃል፤ ሕዝቡ ለምዶ ሜዳው የእኔ ነው ባለ ጊዜ የብረቱ ይከተላል። ያንንም ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም፤ በአቃቂ ብረት የሚቀጠቅጥና የሚበይድ ባለ እጅ ሞልቷል፤ የሙያ ተማሪዎችም ለመለማመጃ ቢሠሩት ሁለት ጥቅም ይሆናል። የዲስኩ አወራወርም ሰውን እንዳይጎዳ፣ መነሻውና ቅርጫቱ ከእግረኛ መንገድ ይራቅ፤ ከፊት ሰው ሳያልፍ አለመወርወርም የጨዋታው የመጀመሪያ ሕግ ሆኖ ለልጆች ይነገር።

አሁን ነገራችንን ወደ ባለ ሥልጣኖች እንመልሳለን። መሬቱ ሁሉ ሳይያዝ በየወረዳው ቢያንስ አንድ ሜዳ የሕዝብ መጫወቻ ተብሎ በካርታ ይመዝገብ፤ ከተመዘገበም በኋላ ለሌላ ሥራ እንዳይሰጥ ይጠበቅ። የቃል ተስፋ ሹም ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፤ በመዝገብ የገባ ግን ይቈያል። በሜዳው ጥላ ያለው መቀመጫ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና መጸዳጃ ይኑር፤ አንድ ዘበኛም ይመደብ። ዲስኩን መግዛት ለማይችል ልጅ በወረዳው የወጣቶች ማእከል ተቀምጦ በመታወቂያ ይዋስ። ሴቶች ልጆችም ወንዶቹ ሲጠግቡ የሚደርሳቸው እንዳይሆኑ የራሳቸው ቀንና ሰዓት ይለይላቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መግቢያ አይጠየቅ። የአንድ ብር መግቢያ እንኳ ለባለጸጋ ምንም አይደለም፤ ለድሀ ልጅ ግን አጥር ነው።

ለካህናትና ለመምህራንም የምንለው አለን። ሕዝቡ ቃላችሁን ይሰማል። ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤትና ወደ ጫት ቤት የሚያመራው ወጣት የሚሄድበት ሌላ ስፍራ ቢያገኝ፣ ተግሣጻችሁ ፍሬ ለማፍራት ይቀልለታል። አታድርግ ብቻ ከተባለና ይህን አድርግ ካልተባለ ልጅ ልቡ አይመለስም። ደግሞም የጥምቀተ ባሕር ሜዳ ባለበት ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ቆሻሻ እንዳይጣልበትና አጥር እያለፈ እንዳይበላው ከሕዝቡ ጋራ ሆናችሁ ጠብቁት።

ነቢዩ ዘካርያስ ኢየሩሳሌም ከጥፋቷ በተመለሰች ጊዜ ምን እንደምትመስል ሲናገር፣ በስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ያነሣው ግንብዋንና ወርቅዋን አይደለም። ከዕድሜ ብዛት የተነሣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በአደባባይዋ እንዲቀመጡ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም በዚያው ሲጫወቱ እንዲታዩ ነው የተናገረው። ነቢዩ የከተማን ደኅንነት የለካው በዚህ መስፈሪያ ነው። እኛም አቃቂ ቃሊቲን በዚሁ መስፈሪያ ብንለካ ጕድለቱ ወዲያው ይታየናል። ጕድለቱን ለመሙላት የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ወርቅ ሳይሆን ጥቂት መሬት፣ ጥቂት ምሰሶና አንድ የማይሻር ውሳኔ ነው። ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ጊዜው ሳያልፍ ይህን እንዲያስቡበት በአክብሮት እናሳስባለን።