እህሉን አልነካሁም፤ ሒሳቡን ነው

ጡረታ ወጥቼ ሰማያዊ ደብተር ይዤ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት መዞር ስጀምር፣ ወሎ፣ ኩታበር ያለችው እናቴ መጀመሪያ “ጤና ነው?” ብላ ጠየቀች። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የሰው ደረሰኝ ሲያገላብጥ ያረጀ ሰው የራሱን የምሳ ደረሰኝ ቢያገላብጥ ብዙም አይገርምም። እሷን ያስቆጣት ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ ደብተሬን አንስቶ ጮክ ብሎ ሲያነብላት “ሽሮው ቀጥኗል፣ እንጀራው አድሯል” የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆመችው። “እህል ይነወራል እንዴ ልጄ? እግዜር ይታዘብሃል!”

ለምን እንዲህ እንደምትል አውቃለሁ። በ1966ቱ ረሃብ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ከኩታበር ደሴ በእግሯ ወርዳለች። ከየገጠሩ የወጣው ሕዝብ አስፋልት ዳር ተኮልኩሎ መኪና በሚጠብቅበት ጊዜ ማለት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ለእናቴም ያንን የሚያሳያት ሰው አያስፈልጋትም ነበር። እዚህ አገር ቆሞ “ቅመሙ አልተመጣጠነም” ብሎ መጻፍ እንደ ቅብጠት ቢቆጠር አልቀየምም።

አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረው ሙስሊም ባልንጀራዬም ከእናቴ ጋር ነው የወገነው። “ነቢያችን ምግብ ነቅፈው አያውቁም፤ ደስ ካላቸው ይበላሉ፣ ካላሰኛቸው ይተዉታል” አለኝ። እኔም መለስኩለት፦ “እሳቸው የቀረበላቸው ማዕድ ላይ ቫት ተጨምሮ ነበር?” ሳቀ። ሲስቅ ግማሽ መንገድ እንደመጣልኝ አውቃለሁ።

የኔ ክርክር ይኼው ነው። ጤፉን የዘራው ገበሬ አልበደለኝም፤ ጤፉም አልበደለኝም። በጤፉና በኔ መሀል ግን የመዘነ፣ የቀየጠ፣ ያሳደረ፣ ዋጋ የተመነ ሰው አለ። እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ተገኘ የሚል ዜና በሰማንበት አገር፣ “እህል አይነወርም” የሚለው የእናቶቻችን አክብሮት የነጋዴ መሸሸጊያ ሆኗል። ደንበኛው የቀረበለትን ይበላል፣ “ተመስገን” ይላል፣ ይከፍላል፣ ደጅ ወጥቶ ለጓደኛው ያማል። ባለቤቱ ሐሜቱን አይሰማም፤ ወጡም አይሻሻልም።

አሁን ደግሞ ስልክ ደቅነው የሚበሉ ልጆች መጥተዋል። ጥብሱ እየጨሰ ሲመጣ ይቀርጹታል፣ ገና ሳይጎርሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ “ዋው” ይላሉ። ሒሳቡን ቤቱ ነው የሚችለው። የልጆቹን እንጀራ መዝጋት አልፈልግም፤ ማስታወቂያ ሥራ ነው። ግን ነፃ የበላ ሰው ምስክር አይሆንም። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ብንሆን ይኼን ሰነድ አላወራርድም ነበር።

በሌላው ዓለም ምግብ ቤት መተቸት መደበኛ ሙያ ነው። ሚሼሊን የሚባለው የፈረንሳይ ጎማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1900 የመንገደኞች መጽሐፍ ማሳተም የጀመረው ሰው ብዙ ነድቶ ጎማ እንዲጨርስ ነው ይባላል። (ጎማ ለማስጨረስ ብቻ ከሆነ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ይበቃን ነበር።) እኔን የገዛኝ ግን ሎስ አንጀለስ የነበረው የምግብ ሐያሲ ጆናታን ጎልድ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ፒኮ የሚባለውን ረጅም ጎዳና ይዞ፣ እዚያ ላይ ያሉትን ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ሊበላባቸው ተነሳ። ትልልቆቹን ሆቴሎች ብቻ አይደለም፤ የስደተኛውን ጓዳም፣ የጋሪ ሻጩንም ጭምር። ያንን ሲያደርግ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2007 በምግብ ሒስ የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ2018 ሞተ። የኛ ሰዎች በዚያው ከተማ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የከፈቷቸውን ቤቶችም ያውቃቸው ነበር።

እኔም ፒኮዬን አገኘሁ፦ ከኩታበር በቦሩ ሜዳ አድርጎ ደሴ፣ ከደሴ በሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በዚህ መንገድ ላይ እንጀራው ራሱ መልክ ይለውጣል። ኩታበር ደጋ ነው፤ ገብስ ነው ንጉሡ። ጠዋት ምድጃ ዳር ተቀምጦ በቅቤና በበርበሬ የታሸ የገብስ ቂጣ የበላ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይርበውም። እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት በር ሲታይ ጠላ አለ ማለት ነው። ደሴ ሲደረስ የጤፍ እንጀራ ይነግሣል፤ ወይም የጤፍ ነው የሚባለው። ቁልቁለቱን ከ600 ሜትር በላይ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ቆላው ይሸታል፤ ጎዳና ዳር ባሉ ትንንሽ ቤቶች የማሽላ እንጀራ በፍየል ወጥ ይገኛል። አንድ ነገር ልመስክር፦ በዚህ ሁሉ መንገድ የበላሁት ምርጥ እንጀራ ስም ካለው ትልቅ ሆቴል አልመጣም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ፣ ምልክት እንኳ የሌላት ቤት ውስጥ ነው። ማሽላ ቶሎ ይደርቃል ይባላል፤ እዚያ ያለችው ሴት ግን የምትጋግረው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ሚስጥሩ ይኼው ነው፤ ሌላ የለውም።

አሁን ወደ ጥብሱ። ደሴ ውስጥ ስሟን የማልጠራት አንዲት ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ አዘዝኩ። ቆራጩ ሥጋውን ሚዛኑ ላይ ወረወረው። ልብ በሉ፣ አላስቀመጠውም፤ ወረወረው። መርፌው ዘሎ ከግማሽ አለፈ፤ እሱም ወዲያው ሥጋውን አነሳ። “እስቲ አንዴ ይረጋ” አልኩ። ዝም ብሎ አየኝ። መልሶ አስቀመጠው። መርፌው እየተወዛወዘ ወርዶ አራት መቶ ግራም ላይ ተኛ። “ጋሼ፣ አላመኑንም እንዴ?” አለ። “አንተን አምኜሃለሁ፤ ሚዛኑ ነው ያልተረጋው” አልኩት። ኋላዬ የቆመው ወጣት፣ እግዜር ይስጠው፣ “የኔም ይርጋ” አለ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ስገባ ሚዛኑ ይረጋል። ጥብሱ፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም ነው፦ ቃሪያው አልበሰለም አልጠነዛም፣ ሸክላው እየተንጫጫ ነው የሚመጣው። ይኼንንም ጽፌዋለሁ።

ከውጭ የመጣ ሐያሲ ወሎ ላይ መጀመሪያ የሚስተው ኮከብ መስጠቱን አይደለም፤ “የማን እጅ ነው ያረደው?” የሚለውን ጥያቄ ነው። ከባልንጀራዬ ጋር አርባ ዓመት አብረን ስንበላ ከአንድ ሥጋ ጎርሰን አናውቅም። ቦሩ ሜዳ በሄድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፦ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. እዚያ ጉባኤ ተቀምጠው የሃይማኖት ነገር ቁርጥ ይሁን አሉ፤ የወሎ ሙስሊምም እምነቱን እንዲለውጥ ተገደደ። ቁርጥ አልሆነም። ሰርግ የሚደግሰው ጎረቤት ግን መላ አበጀ፤ ክርስቲያኑ በሬውን ለሙስሊሙ ጎረቤት አስረክቦ “እናንተ እረዱት” ይላል፣ ሌላ ዳስ ይጣላል፣ ጠላ ለማይጠጣው ቀሪቦ ይቀርባል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ “አይጠየፍ” ያሉት ማንንም አይንቅም ሲሉ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው የተወለዱ ሰው ናቸው። ለኔና ለባልንጀራዬ ያለው አይጠየፍ ዓሣ ቤት ነው። ዓሣ አራጅ አይጠይቅም። ከሐይቅ የመጣ ቆሮሶ ደረቅ ተጠብሶ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ተደርጎለት ሲቀርብ እሱም “ቢስሚላህ” ይላል፣ እኔም አማትባለሁ፤ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ስለዚህ በኔ ደብተር አንድ ዓሣ ቤት ሲበላሽ ንዴቴ ከሌላው እጥፍ ነው። ባለፈው ዘይቱ የከረመ ዓሣ ቀርቦልን ባልንጀራዬ “አብሽር፣ ነገ ሌላ ቤት አለ” ሲል ነው ያረጋጋኝ።

የምሽቱን ነገር በአጭሩ ላሳልፈው፤ ምሽቱም አጭር ሆኗል። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅ ጋቢ ያልያዘ ሰው ቤቱ ቢገባ ነው የሚሻለው። ጸጥታው ሲደፈርስ ደግሞ ባጃጅ ቶሎ ይጠፋል፣ በር ቶሎ ይዘጋል። ይኼ የምግብ ቤቶች ጥፋት አይደለም። ጥፋታቸው ይኼ ነው፦ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የሠፈራችንን ስም ይዘው ዓለም ሲዞሩ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማሲንቆ ለመስማት ዕድለኛ መሆን ያስፈልጋል። ድምፃዊቷን ማሪቱ ለገሰን ያፈራ አገር ድምፅ ማጉያው እስኪሰነጠቅ ሌላ ነገር ይከፈትበታል፤ አስተናጋጇ ትዕዛዝ የምትቀበለው በእጅ ምልክት ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ሰው ደጅ ይቀመጣል፣ ድራፍት ይጠጣል፤ የቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ድራፍቱ ለብ ብሎ የሚመጣበትን ቤት ግን ይቅርታ አላደርግለትም።

የደሴ እውነተኛ ምሽት ያለው በረመዳን ነው። አዛን ሊል ሲል ፒያሳ ላይ የሳምቡሳው ዘይት ይንጫጫል፣ የሾርባው ድስት ክዳን ይነሳል፣ ቴምር በወረቀት ይጠቀለላል። እኔ ጿሚ አይደለሁም፣ ግን እሰለፋለሁ። ከዚያ ቡናው አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ፣ በዱዓ ታጅቦ። ስለዚህ ምሽት የሚጽፍ ሐያሲ ብናገኝ ቱሪስቱም ሌላ መንገድ መሪ አያሻውም ነበር።

የሚያሳስበኝ ተቃውሞ አንድ ነው፤ የሰው እንጀራ መዝጋት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲለቀቁ፣ ዝርፊያው ምግብ ቤቶችንም አልማረም ነበር። ከማውቃቸው አንዷ ባለ ምግብ ቤት ምጣዷና ድስቷ ሳይቀር ሄዶባት፣ በጎረቤት ድስት ነው የጀመረችው። እንዲህ ያለችውን ሴት በአንድ ቀን ሽሮ አልፈርድባትም። ለዚህ ነው ደንብ ያወጣሁት፦ ሦስት ጊዜ ሳልበላ አልጽፍም፤ በጾምም በፍስክም እሄዳለሁ፤ ማን እንደሆንኩ አልናገርም፤ የበላሁትን ራሴ እከፍላለሁ። ጋዜጦቻችን ይኼን ደንብ ይዘው ለአንድ ወጣት የምሳ አበል ቢሰጡና በየሳምንቱ ቢያስጽፉት፣ ከብዙ የገጽ ማስታወቂያ ይልቅ አንባቢ ያመጣላቸዋል። እኔ በ650 ብር ጥብስ ጡረታዬን ጨርሼዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚያችው ከረጋ ሚዛን ቤት ጥብስ አስጠቅልዬ ኩታበር ሄድኩ። እናቴ ከፈታችው፣ እጇን ታጠበች፣ አንድ ጊዜ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች። ምንም አላለችም። ሁለተኛውን ጠቅልላ ወደ አፌ ልታስጠጋ ስትል “ስንት ሰጠህበት?” አለች። ነገርኳት። ጉርሻው መንገድ ላይ ቆመ።

“በል፣ ይኼን ጻፈው” አለች።