ስለ ሞተር ብስክሌት የፊት ፍሬንና እግር

የሞተር ብስክሌቱን አሮጌ የፊት ፍሬን ባገለገለ ዕቃ ለማሻሻል የሚያስበውን ሰው አንነቅፈውም። ለመቆም ሲፈለግ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያዘነብላልና፤ ዋናው ሥራ የፊተኛው ፍሬን ነው። ሆንዳም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1969 ዓመት ሲቢ 750 የተባለውን ሲያወጣ፤ የፊቱን ፍሬን በዲስክ አድርጎታል።

ነገር ግን ብርቱ ፍሬን በቀጭን እግር ላይ ቢታሰር፤ ፍሬኑ ሲያዝ እግሩ ይጣመማል፤ መሪውም ይስታል። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መለወጥ ይገባል። ያገለገለውን የእግር ቧንቧ በመስታወት ላይ አንከባልሎ መመርመር ነው፤ ቢወዛወዝ ጠማማ ነው። ዝገት የበላውም ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይቈርጣል። ዲስኩ በላዩ ከተቀረጸው ልክ ከሳሳ አይገዛም። የፍሬኑ ሸራ፤ የጎማ ቱቦውና ዘይቱ ግን ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ።

ገንዘብ መቈጠብ መልካም ነው፤ ከቤተ ሰብ ነፍስ ላይ ግን አይቈጠብም እንላለን።